ማህፀኗ ይሰፋ ወይስ ይውጣ? ከባድ የእርግዝናና የወሊድ ቀዶ ጥገናዎችን ለማመዛዘን

ሀዋሳ ውስጥ በአዋላጅነት ስሠራ ቤተሰብ አብዝቶ የሚጠይቀኝ «የቱ ይሻላል?» ብሎ ነው። መርፌው ይሻላል ኦፕራሲዮኑ? ቱቦው ይቆረጥ ይትረፍ? ማህፀኗ ይሰፋ ይውጣ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ የሚጠየቅበት ሰዓት ነው። ሴትየዋ ደም እየፈሰሳት ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል እየተገፋች፣ ባል እስክሪብቶ ይዞ ቆሞ፣ አማት «ዶክተር፣ ገና አንድ ልጅ ነው ያላቸው፣ ማህፀኗን አደራ» እያሉ ሲለምኑ ማመዛዘን የሚባል ነገር የለም።

ይህን የጻፍኩት ገና ቁጭ ብሎ ለመነጋገር ጊዜ ላላቸው ነው። የማነሳቸው ችግሮች አብዛኛዋን ሴት አያጋጥሟትም። ሲያጋጥሙ ግን አማራጩ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ነው፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። መጨረሻ ላይ የምትወስኑት ከሚያክማችሁ ሐኪም ጋር ነው። እኔ የማቀብላችሁ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ ነው።

ማንኛውንም አማራጭ በሶስት ነገር እመዝነዋለሁ። አሁን ደሟ ምን ያህል እየፈሰሰ ነው? ወደፊት መውለድ ትፈልጋለች? ችግሩ ቢመለስ በስንት ሰዓት ሆስፒታል ትደርሳለች? ሁለተኛውን ሁሉም ያነሳል። ሶስተኛውን ሰው ይረሳዋል፤ እኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ ወሳኙ እሱ ነው።

ከማህፀን ውጭ የተያዘ እርግዝና

ከ100 እርግዝና አንዱ ወይም ሁለቱ ከማህፀን ውጭ ይያዛሉ። ከእነዚህ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የማህፀን ቱቦ ውስጥ ናቸው። ቱቦው ሽል የመያዝ አቅም የለውም፤ ሲጨናነቅ ይፈነዳል። ደሙ ወደ ሆድ ውስጥ ስለሚፈስ ከውጭ ጠብታ ብቻ ሊታይ ይችላል። የወር አበባዋ ቀርቶ በአንድ ጎን ከእምብርቷ በታች የሚወጋት፣ ትከሻዋን የሚያማት፣ ስትቆም የሚያዞራት ሴት ከሆነች ነገሩ አብቅቷል። ሆድ ይከፈታል፣ ደሙ ይቆማል። እዚህ ጋ ስለ ምርጫ ማውራት ጊዜ ማባከን ነው።

ምርጫ ያለው ሳይፈነዳ ለተገኘው ነው። የመጀመሪያው አማራጭ ሜቶትሬክሴት የሚባል፣ እርግዝናው እንዳያድግ የሚያደርግ መርፌ ነው። ሆድ አይከፈትም፣ ቱቦውም ይተርፋል። ግን ለሁሉም አይሰጥም። ኤችሲጂ የሚባለው የእርግዝና ሆርሞን ከ5000 በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ዝቅ ባለ ቁጥር መርፌው የመሥራት ዕድሉ ይጨምራል። እብጠቱ ከ3.5 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ የሽሉ ልብ የማይመታ፣ የሴትየዋ ጉበትና ኩላሊት ጤነኛ መሆን አለበት። መርፌው ከተሰጠ በኋላ በ4ኛውና በ7ኛው ቀን ደም ይመረመራል። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ሆርሞኑ ቢያንስ 15 በመቶ መውረድ አለበት። ካልወረደ ሁለተኛ መርፌ ወይም ኦፕራሲዮን ይመጣል። ከዚያም ሆርሞኑ እስኪጠፋ በየሳምንቱ መመላለስ ነው።

በዚህ መሀል ፎሊክ አሲድ ይቆማል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይወሰድም። አረቄም፣ ጠላም፣ ጠጅም ይቅር። ቢያንስ ለሶስት ወር እርግዝና አይሞከርም።

አሁን ርቀቱን አስቡት። መናኸሪያ ሰፈር የምትኖር ሴት ሌሊት ቢያማት በባጃጅ ደቂቃዎች ውስጥ ሆስፒታል በር ላይ ናት። ራቅ ካሉት የሲዳማ ወረዳዎች፣ ከቤንሳ ወይም ከአርቤጎና የመጣች ሴትስ? መርፌውን ተወግታ ወደ ቤቷ ብትሄድ ቱቦው በአምስተኛው ቀን ሊፈነዳ ይችላል። መርፌ ተወጋች ማለት ከአደጋ ወጣች ማለት አይደለም። ሆርሞኑ እስኪወርድ ከተማ ውስጥ ዘመድ ጋ የማትቀመጥ ከሆነ ለእሷ ኦፕራሲዮኑ ይሻላል ባይ ነኝ። በወረቀት ላይ ቀላል የሚመስለው ሁልጊዜ ቀላሉ አይደለም።

ኦፕራሲዮን ከተመረጠ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ይውጣ ወይስ ተሰንጥቆ እርግዝናው ብቻ ይውጣ? ቤተሰብ ወዲያው «ይትረፍ» ይላል። እስቲ ቁጥሩን እንይ። 2014 ላይ ላንሴት በተባለው የህክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ሁለቱን አወዳድሮ ነበር። በጥናቱ የተካተቱት ሌላኛው ቱቧቸው ጤነኛ የሆነ ሴቶች ናቸው። በኋላ በተፈጥሮ ያረገዙት ቱቧቸው የተረፈላቸው 61 በመቶ ገደማ፣ የወጣላቸው ደግሞ 56 በመቶ ገደማ ነበሩ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ የሚቆጠር አልነበረም። ቱቦው ሲተርፍ ግን በ7 በመቶዎቹ ላይ የእርግዝናው ቅሪት ቀርቶ እንደገና ህክምና አስፈልጓቸዋል፤ በወጣላቸው ላይ ይህ ከ1 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ሌላኛው ቱቦ ደህና ከሆነ ማውጣቱ አያስፈራ። አንዱ ቱቦ ከሌላው ጎን የወጣ እንቁላልንም መቀበል ይችላል። ሌላኛው ቱቦ የተጎዳ ወይም ቀድሞ የወጣ ከሆነ ግን ማትረፉን ጠይቁ፤ ያኔ ክርክሩ ይለያል።

ላፓራስኮፒ፣ ማለትም በትናንሽ ቀዳዳ የሚሠራው፣ ህመሙም አልጋ ላይ መቆየቱም አጭር ነው። በየሆስፒታሉ ግን የለም። ደሟ እየወረደ ላለች ሴት ላፓራስኮፒ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ 275 ኪሎ ሜትር መጓዝ ሞኝነት ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ ከሆነ ቀጣዩን እርግዝና ከደም አለመጣጣም የሚጠብቀውን አንቲ-ዲ የሚባለውን መርፌ ሳትወስድ እንዳትወጣ።

አንዴ በኦፕራሲዮን ወልዳ እንደገና ላረገዘች

እዚህ ጋ ረዘም አድርጌ ላወራ ነው፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚሰጠው ምርጫ ይህ ስለሆነ።

መጀመሪያ፣ በምጥ ልሞክር ወይስ በቀጠሮ ልከፈት? በፊት የተከፈተችው አንድ ጊዜ ከሆነና ማህፀኗ የተቆረጠው ታች በአግድም ከሆነ፣ ከሞከሩት ውስጥ ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት በምጥ ይወልዳሉ። ጠባሳው የመተርተር ዕድሉ ከ1 በመቶ በታች ነው። ማህፀኑ በቁመት የተቆረጠ ከሆነ ግን አደጋው ብዙ እጥፍ ነው፤ ምጥ አይሞከርም። ልብ በሉ፣ የማወራው ስለ ማህፀኑ ጠባሳ ነው። ቆዳዋ በአግድም ተቆርጦ ማህፀኗ በቁመት ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚነግራችሁ ያለፈው ኦፕራሲዮን ወረቀት ብቻ ነው።

መሞከር ያለበት ደግሞ ወዲያው መክፈት በሚቻልበት ሆስፒታል ነው። ጤና ጣቢያ ለዚህ ቦታው አይደለም፤ አዋላጆቹ ጎበዝ ቢሆኑም ጠባሳው ቢተረተር የኦፕራሲዮን ክፍልና ደም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጉዳይ እንግዴ ልጁ የት ተቀመጠ የሚለው ነው። በጠባሳው ላይ፣ በተለይ የማህፀን በርን ሸፍኖ ከተቀመጠ፣ ወደ ማህፀኑ ሥጋ ሰርጎ ሊጣበቅ ይችላል። አንዳንዴ አልፎ የሽንት ፊኛ ድረስ ይሄዳል። 2006 ላይ የታተመ የአሜሪካ ጥናት ቁጥሩን እንዲህ አስቀምጦታል። እንግዴ ልጁ በሩን ሸፍኖ፣ ሴትየዋ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተከፍታ ከነበረ የመጣበቅ ዕድሉ 11 በመቶ ነው። ሁለት ጊዜ ከነበረ 40፣ ሶስት ጊዜ ከነበረ 61 በመቶ። ጎረቤት «እኔ ሶስቴ ተከፍቼ ምንም አልሆንኩም» ብትል እውነቷን ነው። የእሷ እንግዴ ልጅ ግን ከበሩ ርቆ ላይ ነበር።

ስለዚህ አልትራሳውንድ ስትነሱ «ወንድ ነው ሴት?» ከማለታችሁ በፊት «እንግዴ ልጁ የት ነው? ጠባሳው ላይ ነው ወይ?» በሉ። ተጣብቆ ከተጠረጠረ የሚያየው ባለሙያ በእንግዴ ልጁ ውስጥ ቅርጽ የሌላቸው ጥቁር የደም ኩሬዎችን ያያል። በእንግዴ ልጁና በማህፀኑ ግድግዳ መካከል መኖር ያለበት ቀጭን መስመርም ይጠፋል። ያን ጊዜ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው መንገድ በቀጠሮ መክፈት፣ ልጁን ማውጣት፣ እንግዴ ልጁን ፈጽሞ ሳይነኩ ማህፀኑን ከነእንግዴ ልጁ ማውጣት ነው። በአብዛኛው የሚመከረው ጊዜ ከ34ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት መግቢያ ድረስ ነው። ምጥ ወይም ደም ከመጀመሩ በፊት እንዲሆን ነው። ልጁ ትንሽ ቀድሞ ይወለዳል፤ የጨቅላ ህፃናት ክፍል ያስፈልገው ይሆናል።

ሌላኛው መንገድ ልጁን አውጥቶ፣ እትብቱን አስሮ ቆርጦ፣ እንግዴ ልጁን እዚያው ትቶ ማህፀኑን መስፋት ነው። በጊዜ ብዛት ራሱ ይሟሟል ወይም ይወጣል። 2010 ላይ የታተመ የፈረንሳይ ጥናት 167 ሴቶችን ተከታትሎ 78 በመቶዎቹ ማህፀናቸው እንደተረፈ አሳይቷል። ደስ የሚል ቁጥር ነው። ነገር ግን ሴቶቹ የታከሙት ደም፣ ባለሙያና አምቡላንስ ባለበት ነው። ይህን የመረጠች ሴት ለወራት ኢንፌክሽንና ድንገተኛ ደም ያሰጋታል። ከወለደች ከብዙ ሳምንት በኋላ ሌሊት ደም ሊፈስሳትና ያኔ ማህፀኗ በድንገተኛ ሊወጣ ይችላል።

የእኔን አቋም ልናገር። ልጅ ያላት፣ ከከተማ ራቅ ብላ የምትኖር ሴት ከሆነች የመጀመሪያውን መንገድ እመርጥላታለሁ። ልጅ የሌላት፣ ሀዋሳ መሀል የምትኖር፣ ክትትሉን የማታቋርጥ ከሆነች ሁለተኛውን ከስፔሻሊስቷ ጋር ታንሳው፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የማልቀበለው ሶስተኛ መንገድ አለ። «እስቲ ይሞከር» ብሎ የተጣበቀውን እንግዴ ልጅ በእጅ መላጥ። ደሙ በሊትር የሚፈስሰው ያኔ ነው።

ማህፀን መውጣት ሲባል ቤተሰብ ብዙ ነገር አብሮ የሚወጣ ይመስለዋል። እንቁላል ማምረቻዎቹ ብዙ ጊዜ አይነኩም። ስለዚህ ሴትየዋ በአንድ ቀን አታረጅም፣ ሆርሞኗም ይቀጥላል። የወር አበባ አይመጣም፣ አታረግዝም። የትዳር ግንኙነት ቁስሉ ከዳነ በኋላ ይቀጥላል። ይህን ለባልም ለአማትም አስቀድሞ መንገር ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ከወሊድ በኋላ ደም አልቆም ሲል

እዚህ ምርጫው በቅደም ተከተል ነው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ። ማህፀኑን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን፣ ማህፀኑን በእጅ ማሸት፣ በሶስት ሰዓት ውስጥ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ትራንኤግዛሚክ አሲድ። እነዚህ ካልያዙት በውሃ የሚሞላ ባሉን ይገባል። ውድ ዕቃ አይምሰላችሁ። ኮንዶም በካቴተር፣ ማለትም በሽንት ማውጫ ቀጭን ቱቦ፣ ጫፍ ላይ በክር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ማህፀን ውስጥ ይገባና ከተሰቀለው ግሉኮስ መሳይ ከረጢት የጨው ውሃ ይሞላል፤ ከ250 እስከ 500 ሚሊ ሊትር። ከውስጥ ሲገፋ የሚደማው ቦታ ይታፈናል። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ቀስ እያለ ይጎድላል። ጥቅሙ ሆድ አለመከፈቱ ነው፤ ወደ ሪፈራል እየሄደችም ሊቆይ ይችላል። ማህፀን ከተተረተረ ወይም የእንግዴ ልጅ ቅሪት ውስጥ ካለ ግን አይሠራም።

ቀጥሎ ሆድ ከፍቶ መስፋት አለ። ቢ-ሊንች የሚባለው ስፌት 1997 ላይ የታተመ ነው። ስሙም የሴራሊዮን ተወላጅ ከሆነውና እንግሊዝ ይሠራ ከነበረው ሐኪም ነው። ወፍራም ክር በማህፀኑ ላይ እንደ ሱሪ ማንጠልጠያ ከፊት ወደ ኋላ ይዞርና ተጨምቆ ይታሰራል። ከመሰፋቱ በፊት የሚደረገውን ፈተና እወደዋለሁ። ቀዶ ሐኪሙ ማህፀኑን በሁለት እጁ ይጨምቃል። ረዳቱ ደግሞ ከታች ሆኖ ደሙ ቆመ አልቆመም ያያል። በእጅ ሲጨመቅ ከቆመ ስፌቱም ያቆመዋል፤ ካልቆመ ሌላ መንገድ ይፈለጋል። ወደ ማህፀን የሚሄዱትን የደም ሥሮች ማሰርም ከዚሁ ጋር ይሠራል። ከሁለቱም በኋላ የወር አበባ ይመለሳል፣ እርግዝናም ይቻላል።

የመጨረሻው ማውጣት ነው። ይህም ሁለት ዓይነት ነው። የማህፀን አንገቱን ትቶ ላይኛውን ብቻ ማውጣት ይፈጥናል፣ ፊኛንና የሽንት ቧንቧን የመንካት ዕድሉም ያንሳል። ደሙ ከታችኛው ክፍል ከሆነ ግን አንገቱ ካልወጣ አይቆምም። አንገቱ የቀረላት ሴት የማህፀን በር ካንሰር ምርመራዋን መቀጠል አለባት።

«ትንሽ እንሞክር» እና «ዘገየን» መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው። ደም ባንክ ውስጥ የእሷ ዓይነት ሁለት ከረጢት ብቻ ካለ፣ ማህፀኗን ቶሎ የሚያወጣ ሐኪም ጨካኝ አይደለም።

ማህፀን ሲተረተር፣ ሲገለበጥ

ብዙ ጊዜ ምጡ ተዘግቶ የቆየባት ወይም የድሮ ጠባሳ ያላት ሴት ናት ማህፀኗ የሚተረተረው። ቅዳጁ ንጹሕ ከሆነ፣ ጠርዙ ካልሞተ፣ ኢንፌክሽን ካልገባ ይሰፋል። የተቦጫጨቀ ወይም የሸተተ ከሆነ ይወጣል። ከተሰፋ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ቱቦዎቹ ይታሰሩ? በቂ ልጆች አሉኝ ካለች መታሰሩ ብልህነት ነው። መውለድ ከፈለገች ግን የሚቀጥለውን ምጥ ሳትጠብቅ ከ36ኛው እስከ 37ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በቀጠሮ መከፈት አለባት። ከሩቅ ገጠር ከሆነች ቀኑ ሳይደርስ መጥታ የእናቶች ማቆያ ውስጥ ብትቀመጥ ጥሩ ነው። ማሰሩን የምትወስነው እሷ ናት፤ ከሰመመን በፊት ትጠየቅ፣ ፊርማውም የራሷ ይሁን።

የማህፀን መገልበጥ ደግሞ ብርቅ ነው፤ ምርጫም ብዙ የለውም። ወዲያው በእጅ ይመለሳል። ካልተቻለ በሰመመን፣ እሱም ካልሆነ ሆድ ተከፍቶ ከላይ ይሳባል።

ፊስቱላ

ፊስቱላ በሽንት ፊኛና በብልት መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ ነው። ከረጅም ምጥ በኋላ ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈስሳት ሴት ቀዳዳው ትንሽና አዲስ ከሆነ በካቴተር ብቻ ልትድን ትችላለች። ካቴተሩ ለሳምንታት ሳይወጣ ይቀመጣል። ትልቅ ወይም የቆየ ከሆነ ኦፕራሲዮን ነው። የመጀመሪያው ስፌት ከሁሉም የተሻለ የመዳን ዕድል አለው። ስለዚህ ቅርብ ያገኛችሁት ሁሉ አይሞክርባት፤ በዚህ ሥራ የተካነ ጋ ውሰዷት። ከሀዋሳ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ይርጋለም ላይ የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ፤ ህክምናው በነፃ ነው። የዳነች ሴት በሚቀጥለው በኦፕራሲዮን ትወልዳለች።

የትኛው ሆስፒታል

ሰው «የግል ወይስ የመንግሥት?» ይለኛል። ለተራ ወሊድ እንደ ኪሳችሁ ነው፤ የመንግሥቱ የወሊድ አገልግሎት በነፃ ነው። ለእነዚህ ችግሮች ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ሌሊት ሰመመን የሚሰጥ ሰው አለ? ደም እዚያው አለ ወይስ ከሌላ ቦታ ይመጣል? ማህፀን ማውጣት የሚችል ሐኪም ግቢ ውስጥ ያድራል ወይስ በስልክ ይጠራል? ለጨቅላ ህፃን ክፍል አለ? አዳሬ ሆስፒታልም ሂዱ፣ ሪፈራልም ሂዱ፣ የግልም ሂዱ፣ እነዚህን ጠይቁ። እንግዴ ልጅ ተጣብቋል ከተባለ ግን እኔ ያለማመንታት ሪፈራል እላለሁ፤ የማህፀን ሐኪም፣ ፊኛ ቢነካ የሚሰፋ ቀዶ ሐኪምና የህፃናት ሐኪም በአንድ ግቢ ውስጥ የሚገኙት እንዲህ ባለ ቦታ ነውና። ቀጠሮው ሳይደርስ ሁለት ሶስት ዘመድ ደም ባንክ ሄዶ ይለግስ። መንገድ ላይ ከሆናችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ከሆስፒታል ስትወጡ ወረቀቱን ሳታነቡ ከካርድ ክፍል አትራቁ። ማህፀኑ በአግድም ነው በቁመት የተቆረጠው? የወጣው ቱቦ የቀኝ ነው የግራ? አንገቱ ወጥቷል ወይስ ቀርቷል? ቀጣይ እርግዝና መቼ ይፈቀዳል፣ በምን ትወልዳለች? ካልተጻፈ አስጽፉ፣ ጽሑፉ ካልተነበበ አስነብቡ። ከዚያ ፎቶ አንስታችሁ ለባልም ለእህትም በቴሌግራም ላኩት፤ ካርድ ይጠፋል።